አርባ ሜትር ላይ የሚያልቅ ጥላ

ጧ። ትንሽ ዝምታ። ጧ።

የደረጃው የብረት መደገፊያ ነው የሚጮኸው። አንድ ሰው በየእርከኑ በመዳፉ እየመታው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ቢሮው ውስጥ ያሉት የኮምፒውተር ማራገቢያ ጆሯቸውን አደንዝዞታልና ቀና ያለ የለም። ባለጥላው ግን እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ አጎቱ ተናደው ከሥራ ሲመለሱ ደረጃውን እንዲህ እየደበደቡ ነበር የሚወጡት። ያኔ አክስቱ ሬዲዮኑን ታጠፋለች፣ እሱ ማንም ያልሰጠውን የቤት ሥራ መሥራት ይጀምራል፣ ድመቷም ሳትቀር አልጋ ሥር ትገባለች።

«ባለጥላው» የወጣለት የቢሮ ስም ነው። አምስት ሆነው በአንድ ክፍል ይሠራሉ፤ ሥራቸው ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን የተሠሩ አስመስሎ ማሳየት፣ የደረሱ የመኪና አደጋዎችን ደግሞ በኮምፒውተር እንደገና ማድረስ ነው። ግድግዳውን፣ መንገዱን፣ መኪናውን የምትሠራው ልጅ «ግንበኛዋ» ትባላለች። እሷ ገንብታ ስትጨርስ ዕቃው ሁሉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ፀሐይ አውጥቶ፣ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ጥላ አንጥፎ፣ መሬት የሚያስረግጠው እሱ ነው። ከዚህ ሥራ ሌላ የሚያስበው ነገር ብዙም የለም። መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ የሚያየው ሰውን ሳይሆን የሰውን ጥላ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚጠቁር፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳ። በዚህ የተነሳ ሰላምታ አይመልስም እየተባለ ይታማል።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አጎቱ የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ የድርጅቱ ባጅ የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው፣ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። የእናቱ ወንድም ናቸው፤ እናቱ ከሞተች በኋላ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ከሰባት ወር በፊት «ቁጭ ብሎ ሥዕል ማየት ደግሞ ሥራ ነው?» በምትል አንዲት ንግግር ተጣሉ፤ እሱ ሻንጣውን ይዞ የኪራይ ክፍል ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

አጎቱ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙ። ሁሉንም አዩ፤ እሱን ብቻ ዘለሉት።

«ጥላ የሚሠራው ማነው?» አሉ።

ግንበኛዋ ደንበኛ መስለዋት በእርሳሷ ወደ ባለጥላው ጠቆመች። «እሱ ነው አባባ፣ ይግቡ።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ። የሠራውን ነው ያላወቅሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አጎቱ በረጅሙ የዱቄት መጋዘን ጥግ በሚያልፈው መንገድ ሲነዱ አንድ ቀለም ቀቢ ከግንቡ በኩል ወጥቶ ሲያቋርጥ ገጩት። ሰውየው ዳሌው ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ። አጎቱ መንጃ ፈቃዳቸውን አስረክበው ቤት ዋሉ፤ አክስቱንም ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ለዚያ ልጅ እንዳትናገር አስማሏት። የአውቶቡስ ድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ደግሞ አደጋው እንዴት እንደደረሰ የሚያሳይ ፊልም አሠራ። ወደ እነባለጥላው ቢሮ የሚመጣ ጉዳይ በቁጥር እንጂ በስም አይመጣም፤ ይህም «ጉዳይ ሠላሳ አንድ» ተብሎ መጣ። ግንበኛዋ መንገዱን ገነባች፣ ባለጥላው ፀሐይዋን በቀኗና በሰዓቷ ሰቀላት፣ አለቀ፣ ተላከ። መሪው ላይ የነበረው የማን እጅ እንደሆነ አላወቀም፤ አልጠየቀምም።

ትናንት ኮሚቴው ፊልሙን ለአጎቱ አሳያቸው። ከሹፌሩ መቀመጫ ሆኖ የታየ ነው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በፀሐይ እንደታጠበ ሳህን ያበራል፤ ከሰማንያ ሜትር ላይ አንድ ሰው ግልጥልጥ ብሎ ሲያቋርጥ ይታያል፤ አውቶቡሱ ግን ዝም ብሎ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ይገጨዋል። ሰብሳቢዋ «ይታያል እኮ» አሉ። አጎቱ ያ ቦታ በዚያ ሰዓት ጨለማ እንደሆነ፣ የመጋዘኑ ጥላ ግማሽ መንገዱን እንደሚውጠው፣ ከፀሐይ ወጥተው ሲገቡበት ዓይን ለአፍታ እንደሚታወር ተናገሩ። ፊልሙ ተደገመ። ጥላስ አለ። ግን አውቶቡሱ በተራመደ ቁጥር ጥላው ከፊት ከፊቱ እንደ ምንጣፍ እየተዘረጋ ይሄዳል፤ ከምንጣፉ ወዲያ ያለው ሁሉ ፀሐይ ነው። አጎቱ ይህን በጣታቸው ሲያሳዩ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ፈገግ ብሎ፣ ሰው ይሳሳታል እንጂ ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ ጋሼ፣ አላቸው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ውሳኔ ይሰጣል። በቸልተኝነት ነው ከተባለ መንጃ ፈቃዳቸው ለዘለዓለም ይሰረዛል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠሪው ድርጅት ስም ይነበባል፤ ያን ስም አክስቱ ታውቀዋለች።

«በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ» አሉ አጎቱ፣ አሁንም እሱን ሳያዩ፣ «መኪና ሲመጣለት የሚዘረጋ ጥላ አላየሁም። ከየት ነው የምትገዙት?»

ከጥግ አንዱ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። ባለጥላው ፋይሉን ከፈተ።

ኮምፒውተር ጥላ የሚባል ነገር አያውቅም። ይህን ለአጎቱ እንዴት ብሎ እንደሚያስረዳ እያሰበ፣ ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም። ቆመው እያሉ ነገራቸው። መጀመሪያ ዓይንን ወስደው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። ፀሐይዋ ወደ ታች ስታይ ቀድሞ ዓይኗ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? የመጋዘኑ ጣሪያ። እሱ ብርሃን ያገኛል። ከጣሪያው ጀርባ ያለውን ግን አታየውም፤ ፀሐይ ያላየችው ነገር ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ለእያንዳንዷ የመንገድ ነጥብ ይጠይቃል፤ አየሽው ወይስ አላየሽውም፣ እያለ። ጥያቄው በሚሊዮን ነውና ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ገደብ ይሰጡታል። ከተመልካቹ ይህን ያህል ከራቀ አትጠይቅ፣ ዝም ብለህ አብራው ይሉታል።

ገደቡ የተጻፈባት ሣጥን ትንሽ ናት። ባለጥላው ጠቅ አደረጋት። አርባ ትላለች።

አርባ ሜትር። ያቺን ቁጥር ያስገባት ራሱ ነው። ከዓመት በፊት የአፓርታማ ማስታወቂያ ሲሠሩ፣ ካሜራው በረንዳና ሳሎን ብቻ ስለሚዞር፣ የሩቁ ጥላ ለማንም አይጠቅምም ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር የአፓርታማውን ፋይል ይቀዳል፣ ቤቶቹን አውጥቶ ይጥላል፣ መንገድና መኪና ያስገባል። ቤቶቹ ሄዱ፤ አርባዋ ግን ተከራይ ሲወጣ ጥሎት እንደሄደ ምስማር እዚያው ግድግዳው ላይ ቀረች። አንድ ቀን እንኳን ቀና ብሎ አላያትም። ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። በአጎቱ አልነበረም የተናደደው፤ ስለ ጥላ ይህን ያህል አውቃለሁ ብሎ በሚኮፈስ ሰው ነበር።

አጎቱ አጎንብሰው ቁጥሯን አዩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አዩት።

«አርባ ሜትር ላይ ፀሐይዋ ይደክማታል?»

«እኛ ነን የደከመን፣ ጋሼ።»

«እናንተ ስትደክሙ እኔ ነኝ የምገጨው?»

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ ከመስታወት ክፍሉ ወጣ። ደንበኛ በጠየቀው ቁጥር «ይደርሳል» ስለሚል ከጀርባው «ይደርሳል» ይሉታል። አጎቱን ሲያይ ጥርሱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተከፍቶ ነበር፤ «ስህተት» የምትለው ቃል ስትደርሰው ግን ፈገግታው እንደ ጠፋ መብራት ድርግም አለ። ባለጥላውን በክንዱ ይዞ ወደ መስታወት ክፍሉ አስገባና በሩን ዘጋ። ፊልሙ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት የሄደ ነው አለው። ይኼኛው ተሳስቷል ካልን በዚህ ዓመት የላክናቸው አሥራ አንድ የአደጋ ፊልሞችስ ምን ሊባሉ ነው አለው።

ባለጥላው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ አሥራ አንዱ አላሰበም ነበር። ሁሉም ከዚያው ፋይል የተቀዱ ናቸው። አሥራ አንድ መንገድ፣ አሥራ አንድ ሹፌር፣ ስማቸውን የማያውቃቸው።

«ጥላ ነው እኮ» አለ ይደርሳል፣ ድምፁን አለስልሶ። «የሰው እግር አልቆረጥንም። ደግሞስ ማን ጥላ ያያል?»

«እኔ አያለሁ።» የባለጥላው ድምፅ ከለመደው በላይ ወፍራም ሆኖ ወጣ፤ ቁርጥ የአጎቱን ይመስል ነበር። «ኮሚቴው ሰውየውን ያየው እኔ ጥላ ስላላለበስኩት ነው። ሹፌሩ ግን ለብሶ ነው ያገኘው።»

ይደርሳል ብዙ ተናገረ። ስለ ድርጅቱ ስም፣ ስለ አምስቱ ሠራተኞች፣ ነገ ስለሚመጣው ትልቅ ሥራ። ባለጥላው ቆሽቱ እያረረ ሰማው፤ ከጨረሰ በኋላ፣ ወይ የታረመውን ለኮሚቴው ራሴ እንድወስድ ደብዳቤ ትጽፍልኛለህ፣ ወይ የአሥራ ሁለቱን ጉዳዮች ዝርዝር ይዤ በየቢሮው በር በእግሬ እዞራለሁ አለው። በሕይወቱ ሰውን አስፈራርቶ አያውቅም። ይደርሳል ብዕሩን አነሳ። «የታረመ» የሚለውን ትቶ «የተሻሻለ» ብሎ ጻፈ። ባለጥላው ወረቀቱን መልሶ ገፋለት። ሁለተኛ ወረቀት ተጻፈ። በራስህ ሰዓት ነው የምትሠራው አለው ይደርሳል፣ ስለ አሥራ አንዱ ደግሞ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። እንነጋገራለን አለ ባለጥላው፣ ደብዳቤውን አጥፎ።

ሲወጣ አጎቱ የግንበኛዋን ስክሪን አጎንብሰው እያዩ ነበር፤ አውቶቡሱን ስትሠራ መስተዋቱን አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ እንዳደረገችው እየነገሯት፣ እሷም እያስተካከለች። ደብዳቤውን አሳያቸው። አላነበቡትም።

«አሁን እውነተኛውን ጥላ ሥራ» ብለው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ አደጋው በደረሰበት ሰዓት፣ ከግንበኛዋ ጋር ሜትር ይዘው መጋዘኑ ጥግ ቆሙ። የሠራውን መንገድ በእግሩ ሲረግጠው የመጀመሪያው ነበር፤ ይህም ሌላ ንዴት ሆነበት። እዚያው ቆሞ ስንት ነገር አየ። ጥላው ቀጥ ብሎ በቢላ የተቆረጠ ጫፍ የለውም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ወርድ ያላት ስለሆነች ከግንቡ ግርጌ ጠርዙ ሹል ነው፤ ከጣሪያው የወረደው፣ መንገዱ መሃል የደረሰው ግን አንድ ስንዝር ያህል እየሳሳ፣ እየፈዘዘ ነው የሚያልቀው። ውስጡም ድፍን ጥቁር አይደለም፤ ማዶ ያለው ነጭ ግድግዳ ብርሃን እየመለሰ ሰማያዊ የመሰለ ግርጣት ይረጭበታል። ግንበኛዋን ጥላው ውስጥ አቁሞ ከፀሐዩ በኩል ወደ እሷ ተራመደ። ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። የት እንዳለች እያወቀ፣ እጇን እያውለበለበች፣ ለረጅም ርቀት አላያትም። «ጋሼ ልክ ናቸው» ብላ ጮኸች፣ እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት።

እሁድ ጧት ቀለም ቀቢውን ፈልጎ አገኘው። ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል፣ አልጋ ላይ፣ እግሩ በትራስ ተደግፎ ተኝቷል። ሚስቱ በሩን በግማሽ ከፍታ ከማን ወገን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከኮሚቴው ወይስ ከሹፌሩ። የሹፌሩ የእህት ልጅ ነኝ አለ። በሩ ሊዘጋ ሲል ከውስጥ ቀለም ቀቢው፣ አስገቢው፣ ሳይዋሽ የገባ የመጀመሪያው ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ ሊጠይቁህ መጣን እያሉ ነው የሚገቡት አላት።

ባለጥላው የመጀመሪያውን ፊልም በስልኩ አሳየው። ፕሮግራሙ ውስጥ ተሠርተው የተቀመጡ ሰዎች አሉ፤ የሚሄድ ሰው ሲያስፈልግ ከነዚያ አንዱን አንስቶ ማስገባት ነው። ቀለም ቀቢው ራሱን አየ። ሱፍ ለብሷል። ቦርሳ ይዟል።

«ከረባት አስራችሁ ነው ያስገጫችሁኝ?» አለ። ሚስቱ አፏን በመዳፏ ከደነች። እሱ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ስልኩ ላይ እንደተተከለ፣ ያን ቀን የለበሰው ጥቁር ሰማያዊ ቱታ እንደነበረ፣ በዘይት ቀለም የተጨማለቀ፣ ሚስቱ ጣይው ስትለው የከረመ ቱታ እንደነበረ ተናገረ። ቀስ ብሎም አልሄደም፤ ሥራ ሊዘጋበት ሲል ስለነበር እየተጣደፈ ነበር። ከዚያም መሰላሉስ የታል አለ።

ባለጥላው የምን መሰላል ብሎ ጠየቀ። የኮሚቴው ዝርዝር ውስጥ መሰላል አልነበረም።

መሰላሌ ነዋ አለ ሰውየው፣ ድምፁ ከፍ እያለ። አዲስ አሉሚኒየም፣ አራት ሜትር፣ ቀኝ ትከሻው ላይ፣ የሰው ዓይን እንዳይወጋ ፊቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ። ከተገጨበት ቀን ጀምሮ አልታየም፤ ማን እንደወሰደው አልታወቀም። ስለ ዳሌዬ ሦስት ሰው ጠይቆኛል፣ ስለ መሰላሌ የጠየቀኝ የለም አለ። ባለጥላው ሁሉንም ጻፈ፤ የትኛው ትከሻ፣ ምን ያህል ቀና፣ እጁ የትኛው መወጣጫ ላይ። ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ፣ አጎትህ አንድ ቀን እንኳን መጥተው አላዩትም አለችው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት፣ ማለዳ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠራ። አዲስ ባዶ ፋይል ከፈተ፤ ከየትም አልቀዳም። ገደቧን ሙሉ በሙሉ አነሳት፤ ፀሐይዋ እስከ መንገዱ መጨረሻ ድረስ ትጠየቅ አለ። ከረባት የታሠረውን ሰው አውጥቶ ቱታ ለባሹን አስገባ፣ ትከሻው ላይ መሰላሉን ጫነለት። ይደርሳል በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ባለጥላው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ዓርብ ቀን የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ወጡ። ከሰማንያ ሜትር፣ መንገዱ ግማሹ ጠቁሯል፤ ሰው የለም። ከሃምሳ፣ የለም። ከሃያ ሰባት ሜትር ላይ አንድ ጥቁር ነገር ከጥቁሩ ውስጥ ሲላቀቅ ታየ። ባለጥላው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው፤ ቢሮው ሁሉ ዞረ።

ቅዳሜ ፊልሙ ተገጣጥሞ ሲንቀሳቀስ ግን አንድ ሌላ ነገር መጣ። ጥላው ከጣሪያ ወደ መንገድ ሲወርድ እየተንሸራተተ ነው የሚወርደው፤ ከዳሩ አጠገብ የቆመ ሰው እግሩና ደረቱ ጥላ ውስጥ ሆኖ ከራሱ በላይ ያለው ፀሐይ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አውቶቡሱ ስድሳ ሜትር ሲቀረው፣ ሰውየው ገና በጨለማው ውስጥ ሳለ፣ የመሰላሉ ጫፍ ከጥላው ጣሪያ በላይ ብቅ አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ነጭ ብልጭታ፣ ያለ ሰው፣ ያለ እጅ፣ አየር ላይ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ። ማንም እዚያ አላስቀመጠውም፤ ፀሐይዋ ራሷ ናት ያገኘችው። ባለጥላው በሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አላየም ነበር።

ግንበኛዋ ከትከሻው በላይ አይታ፣ መሰላሉን ብናወጣው ምን ይቀርብናል አለችው፤ ኮሚቴውም አልጠየቀ፣ በመጀመሪያውም አልነበረ። ቱግ አለባት። ሰውየውን ከረባት ያሠርነው እኮ ምን ይቀርብናል እያልን ነው አላት። ተቆጥታ ወንበሯን አዙራ ተቀመጠች፤ እሱም ወዲያው ተጸጸተ፣ ግን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ስልኩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ከመግጨትዎ በፊት ያዩት ነገር አለ? ትንሽ ነገር፣ የሚያበራ?»

ከጀርባ የአክስቱ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ጠፋ።

«ጨለማ ነው አልኩህ እኮ። ምንም አላየሁም። ስንቴ ልንገርህ?» ስልኩ ተዘጋ።

እንዲህ የሚቆጣ ሰው አይዋሽም ብሎ አሰበ። መስታወቱ በፀሐይ ነጸብራቅ ተሸፍኖባቸው ይሆናል፤ ብልጭታዋ አምልጣቸው ይሆናል። ፊልሙን እንዳለ ፍላሽ ላይ ጫነው።

ሰኞ ጧት ኮሚቴው መጋረጃውን ሳበ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢዋ፣ የድርጅቱ ጥገና ኃላፊ፣ እና ያ ፈገግ ያለው ሰውዬ። አጎቱ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ መሪ ሊይዝ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጠዋል። ባለጥላው ደብዳቤውን ሰጠ፤ ቁጥሯን፣ አርባን፣ ስህተቱ የእሱ መሆኑን ተናገረ። ፈገግ ባዩ ሰውዬ፣ ታዲያ አሁን ያመጣኸውስ በምን እናምነዋለን አለ። ሄዳችሁ ቁሙበት አለ ባለጥላው፤ ሰዓቱን እነግራችኋለሁ፣ ሜትር አበድራችኋለሁ። ሰብሳቢዋ ቀና ብለው አዩት፣ አልተቆጡትም።

ፊልሙ ተከፈተ። መቶ ጊዜ ስላየው ስክሪኑን አላየም፤ የአጎቱን ፊት ነበር የሚያየው። የጠበቀው ደስታ ነው፣ ቢያንስ የጠገበ ቁጣ። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ ቀኝ እግራቸውን አየ። ጫማቸው ወለሉን ጫን አደረገ። ከዚያ ለቀቀ።

ባለጥላው ቶሎ ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ነጯ ብልጭታ ገና አሁን ከጥላው በላይ ብቅ እያለች ነበር።

ሰብሳቢዋ ይደገም አሉ። የጥገና ኃላፊው ሰውየው የቱ ጋ እንዳለ እየፈለገ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፤ አላገኘውም፤ ሃያ ሰባት ሜትር ላይ ሲወጣለት በጣቱ ሰከንድ ቆጠረና በዚህ ርቀት የሚቆም አውቶቡስ እኔ ጋራዥ ውስጥ የለም አለ። ባለጥላው አልሰማውም። የአጎቱን እግር ነበር የሚያየው። ጫን፤ ለቀቀ፤ ብልጭታ። አጎቱ ስለ መሰላል ማንም አልነገራቸውም። በመጀመሪያው ፊልም መሰላል አልነበረም። እግራቸው ግን ብልጭታዋ የምትወጣበትን ቅጽበት ከፊልሙ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ፍሬን ነክቶ፣ ይህቺ ምንም አይደለችም ብሎ፣ እንደገና መልቀቁንም ያውቅ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ተደገመ፤ ፈገግ ባዩ ሰውዬ ነው የጠየቀው። በዚህኛው አጎቱ ሁለት እግራቸውን ከወንበሩ ሥር አስገቡ።

መጋረጃው ተከፈተ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ኮሚቴው ይቅርታ ሊጠይቅዎት ይገባል ጋሼ አሉ። ሰውየው የማይታይ እንደነበር ሦስታችንም አይተናል፣ ቃለ ጉባኤው በዚሁ ይጻፋል፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ አሉ። ከመሳቢያቸው መንጃ ፈቃዱን አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ወደ እሳቸው ገፉት።

ባለጥላው በሳምንቱ ውስጥ የተናደደባቸው ሁሉ፣ ይደርሳል፣ ፈገግ ባዩ፣ ራሱ፣ ከረባት የታሠረው ሰው፣ አንድ ላይ በፊቱ ተሰለፉ፤ አሁን ማን ላይ እንደሚናደድ ግን ጠፋው። ሃያ ስድስት ዓመት። «ምንም አላየሁም።» ሊናገር ወደደ። ምን ብሎ? አጎቱን አያቸው። እሳቸውም አዩት፤ ረጅም ጊዜ፣ ቢሮው የመጡ ቀን እንደዘለሉት ሳይሆን፣ ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው እንደሚያዩት።

ከዚያ ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መንጃ ፈቃድ አላነሱትም።

«ጋሼ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ «የሚፈርሙት አለ። አልጨረስንም።»

አጎቱ በወንበሮቹ መሃል፣ በባለጥላው አጠገብ፣ እጃቸው ትከሻውን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ጠጋ ብለው አለፉ፤ በሩን ከፍተው ወጡ።